ጳጉሜን 3 የተወለደችው ልጅ የት ገባች?

ሐዋሳ ነኝ። ባህል አዳራሽ አጠገብ ካለች ትንሽ ቡና ቤት ተቀምጬ ወዳጄን እጠብቃለሁ። አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ያለ ይመስላል፤ አንገታቸው ላይ ባጅ ያንጠለጠሉ ሰዎች ይወጣሉ ይገባሉ። ወዳጄ ሲመጣ ላፕቶፑን እንደታመመ ሕፃን ደረቱ ላይ ታቅፎት ነበር። ሰላምታውን እንኳን በቅጡ ሳይጨርስ፣ «ልጆች ጠፉብኝ!» አለኝ።

ጎበዝ፣ አትደንግጡ። የጠፉት ልጆች ወረቀት ላይ ያሉ ልጆች ናቸው። ወዳጄ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፉን የሚሠራው በሕፃናት ክትባት ላይ ነው። ከአንድ ጤና ተቋም (ስሙ ይቆየን) መዝገቡ ወደ ኤክሴል ተገልብጦ ተሰጥቶታል። አንድ ረድፍ አንድ ልጅ ነው፤ የተወለደችበት ቀን፣ የመጀመሪያው ክትባት ቀን፣ የሁለተኛው፣ የሦስተኛው። ይህንን ፋይል አር ወደሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ሲያስገባው የቀኑ ዓምድ ዥጉርጉር ሆኖ ቁጭ አለ። አንዱ ሴል 15/9/2009 ይላል። ከሥሩ ያለው ደግሞ 39885 ይላል።

39885 ምን የሚሉት የልደት ቀን ነው?

ወዳጄ ሦስት ቀን ታግሎ አብዛኛውን አስተካክሎታል። መጨረሻ ላይ ግን ጥቂት ረድፎች አልታዘዝ አሉት። ፕሮግራሙ ቀናቸውን «የለም» እያለ ይመልሳቸዋል። ከወረቀቱ መዝገብ ጋር ሲያመሳክር ያገኘው ነገር ነው ወደኔ ያስሮጠው። የጠፉት ልጆች በሙሉ የተወለዱት ወይ ጥቅምት 29፣ ወይ ጥቅምት 30፣ ወይ ደግሞ ጳጉሜን ነው። ሌላ አንድም የለም።

«ጥቅምት 29 የተወለደ ልጅ ምን በደለ?» አለኝ። መልሱን ለማግኘት አርባ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ሊኖርብን ነው። ቡና ይዘዝ።

እስቲ ከኤክሴል እንጀምር። ኤክሴል ቀን የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። እኛ ቀን ብለን የምናየው፣ ከአንድ መነሻ ጀምሮ የተቆጠረ የቀናት ብዛት የቀን ልብስ ለብሶ ነው። መነሻው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ነው፤ ያ ቀን 1 ይባላል። በማግስቱ 2። እንዲህ እያለ ሲቆጥር ሲቆጥር ማርች 13 ቀን 2009 (እ.ኤ.አ.) ላይ ሲደርስ 39885 ይላል። የወዳጄ ቁጥር እንግዲህ ልብሱን አውልቆ የተገኘ ቀን ነው።

ይህንን አቆጣጠር ኤክሴል ራሱ አልፈጠረውም፤ ወረሰው እንጂ። የመጀመሪያው የግል ኮምፒዩተር ስፕሬድሺት ቪዚካልክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን፣ በ1983 ደግሞ ሎተስ 1-2-3 የሚባለው መጥቶ የቢሮውን ዓለም ጠቅልሎ ያዘ። ሎተስ ታዲያ አንድ ጉድ ይዞ ነው የመጣው። 1900ን ባለ 366 ቀን ዓመት አድርጎ ቆጠረው። በፈረንጆቹ ሕግ ግን በመቶ የሚካፈል ዓመት በ400 ካልተካፈለ በስተቀር ፌብሩዋሪ 29 የለውም። 2000 አለው፤ 1900 የለውም። ሎተስ ግን ያልነበረ ቀን ፈጥሮ 60 የሚል ቁጥር ሰጠው። ተሳስተው ነው የሚሉ አሉ፤ ሒሳቡን ለማቅለል ሆን ብለው ነው የሚሉም አሉ።

ኤክሴል እ.ኤ.አ. በ1985 በማኪንቶሽ፣ በ1987 ደግሞ በዊንዶውስ ሲመጣ ገበያውን ከሎተስ መንጠቅ ነበረበት። የሎተስ ፋይል ሲከፈትለት ቀኖቹ በአንድ ቀን ቢዛነፉ ማን ይገዛዋል? ስለዚህ ስህተቱንም አብሮ ገለበጠው። ኤክሴል ላይ ይሠራ የነበረው ጆኤል ስፖልስኪ በ1992 ሥራውን ለቢል ጌትስ ሲያቀርብ የቀን አቆጣጠሩን ነገር ተጠይቆ ያጋጠመውን በኋላ ጽፎታል። ጌትስ የጠየቀው ኤክሴልና ቤዚክ የሚባለው ቋንቋ ቀንን እኩል ይቆጥራሉ ወይ ብሎ ነው። ይቆጥራሉ፣ ከሁለት ወር በቀር፤ ከጃንዋሪና ፌብሩዋሪ 1900 በቀር ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ይህንን ጉድ በይፋ ያምናል፤ ማረም ግን የዓለምን ፋይል ሁሉ በአንድ ቀን ማዛነፍ ስለሆነ እንዳለ ትቶታል። ለዚህ ነው የኤክሴልን ቁጥር አር ውስጥ ወደ ቀን ስትመልሱ መነሻውን ዲሴምበር 30 ቀን 1899 በሉ የምትባሉት። አንዱ ቀን ቆጠራው ከዜሮ ሳይሆን ከ1 በመጀመሩ የመጣ ነው፤ ሌላው የሎተስ ትርፍ ቀን ነው።

አሁን የእኛ ነገር ይምጣ። «ይኼ የፈረንጅ ጣጣ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ካለ፣ ዓድዋን አስታውሰዋለሁ።

የዓድዋ ጦርነት የተደረገው እሑድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896። የትኛውንም የውጭ የታሪክ መጽሐፍ ብትገልጡ ማርች 1 ይላችኋል። የካቲት 23ን ዛሬ የምናከብረው ግን በማርች 2 ነው። በየዓመቱ ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ «ፈረንጆቹ ቀኑን አዛቡብን» «የለም፣ እኛ ነን የተሳሳትነው» የሚል ጠብ ይነሳል። ማንም አልተሳሳተም። በመሀል 1900 አለፈ። የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፤ በመቶ ተካፈለ አልተካፈለ ብሎ አይጠይቅም። ፈረንጆቹ 1900 ላይ ፌብሩዋሪ 29ን ሲዘሉ እኛ ምንም አልዘለልንም። ከዚያ ወዲህ በሁለታችን መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ። እንቁጣጣሻችንም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሴፕቴምበር 10 ወይም 11 ላይ ይውል የነበረው ወደ 11 ወይም 12 ተሸጋገረ።

ልብ በሉልኝ። ሎተስ የፈጠራት ያቺ የሌለች ቀንና ዓድዋን ከማርች 1 ወደ ማርች 2 ያሻገረችው ቀን አንድ ናት። በሌላ አነጋገር ሎተስ፣ ሳያውቀው፣ የእኛን ሕግ ነበር የተከተለው። (ይህንን ለሎተስ ጥብቅና ለመቆም አይደለም የምለው።)

የሚያስቀው ነገር ደግሞ ኤክሴል ዓድዋን ጨርሶ አለማወቁ ነው። ከ1900 በፊት ያለ ቀን ብትጽፉበት ቀን ብሎ አይቀበለውም፤ እንደ ማንኛውም ቃል ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። አንድ የታሪክ ተማሪ የአፄ ምኒልክን ዘመን ክስተቶች በኤክሴል ደርድሮ «በዚህና በዚያ መካከል ስንት ቀን አለ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ አያገኝም።

ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የምንለያየው ለምን እንደሆነ ብዙዎቻችን የምናውቀው በግርድፉ ነው። የክርስቶስን ልደት ዓመት ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ አሰሉት። በአምስተኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የነበረው የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ ባሰላው እኛ ሄድን፤ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ዲዮናስዮስ ባሰላው ደግሞ ሮም ሄደች። ከዚያ በ1582 እ.ኤ.አ. ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ አቆጣጠሩን አሻሽለው ከኦክቶበር 4 ማግስት ኦክቶበር 15 ነው አሉ። አሥር ቀን በአንድ ሌሊት ተዋጠ። እኛ አልተከተልናቸውም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ባሕረ ሐሳብ የሚባል የስሌት ትምህርት አለ። ወጣቶቹ ዲያቆናት በቃላቸው የሚሉትን አንድ ፕሮግራመር ቢያየው «ይኼማ ኮድ ነው!» ይል ነበር። 2000 ዓ.ም.ን ውሰዱ። 5500 ጨምሩበት፤ 7500 ሆነ። በ4 ስታካፍሉት ምንም አይተርፍም፤ ስለዚህ ዘመኑ ዮሐንስ ነው። በ19 ስታካፍሉት 14 ይተርፋል፤ አንዱን ጥላችሁ ወንበሩ 13 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝታችሁ በ30 ስትገድፉት አበቅቴው 23፣ በ19 አባዝታችሁ በ30 ስትገድፉት መጥቅዑ 7። የሁለቱ ድምር 30 ካልሆነ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል ማለት ነው። ስህተት መፈተሻ እንኳን አለው እኮ! ሎተስን የሠሩት ሰዎች አንድ የቆሎ ተማሪ ቢያማክሩ ኖሮ እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

ከአራቱ ወንጌላውያን ዘመኑ ሉቃስ ሲሆን ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ የሚቀጥለው ዮሐንስ በሴፕቴምበር 12 ይጀምራል። ይህች የአንድ ቀን ዝንፈት እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ አብራን ትከርማለች። እዚሁ ሐዋሳ ምሳሌ አለላችሁ። የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ የተካሄደው ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ኅዳር 10 በአብዛኛው ዓመት ኖቬምበር 19 ነው። 2012 ግን ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር ኖቬምበር 20 ዋለ። በጣቱ ቆጥሮ የሚቀይር ሰው እዚህ ጋ ይወድቃል።

ከኤክሴል ወደ ስታቲስቲክስ ፕሮግራሞቹ ስንሻገር ደግሞ እያንዳንዱ የየራሱ ዜሮ አለው። ሳስና ስታታ የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ነው። አር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ኤስፒኤስኤስ ከሁሉም ይብሳል። እሱ ሰከንድ ነው የሚቆጥረው፤ መነሻውም ኦክቶበር 14 ቀን 1582 እኩለ ሌሊት ነው። ከላይ ያልኩትን አስታውሱ፤ ከ4 በቀጥታ ወደ 15 ነው የተዘለለው። ሮም ውስጥ ኦክቶበር 14 የሚባል ቀን በዚያ ዓመት አልነበረም! (አር ደግሞ የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ የወጣው ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2000 ነው። 1900 የተነፈገውን ቀን 2000 አገኘው ለማለት ሳይሆን አይቀርም።)

ሚሊኒየማችንን አስታወሳችሁ? መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም.። ያቺ ዕለት ኤክሴል ውስጥ 39337 ናት። ከ1904 በሚቆጥረው የድሮው የማኪንቶሽ ኤክሴል 37875። ስታታ ውስጥ 17421። አር ውስጥ 13768። አራት ስም ያላት አንዲት ቀን ማለት ነው። የኤክሴሉን ቁጥር ሳትነግሩት ለአር ብትሰጡት በራሱ ዜሮ ይቆጥርና እ.ኤ.አ. 2077 ውስጥ ያስገባችኋል። እንዳለች 1/1/2000 ብላችሁ ብትጽፉ ደግሞ ኤክሴል የፈረንጅ ጃንዋሪ 1 ነው ብሎ 36526 ይላል። 2,811 ቀን ቀድመን ጨፍረን ኖሯል።

ወደ ባህል አዳራሽ እንመለስ።

የወዳጄን ፋይል የሞላችው መዝጋቢ ምንም አላጠፋችም። ቀኑን ሁላችንም እንደምንጽፈው ነው የጻፈችው፤ መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ ወሩን፣ ቀጥሎ ዓመቱን፣ በኢትዮጵያ። ኮምፒዩተሩ ግን ሲገዛ በአሜሪካ ልማድ ተሞልቶ ነው የመጣው፤ ለእሱ የመጀመሪያው ቁጥር ወር ነው። ስለዚህ ግንቦት 5 ማለትም 5/9/2009 ስትጽፍ ሜይ 9 ነው ብሎ ወደ ቁጥር ቀየረው። ግንቦት 15ን ስትጽፍ ግን 15 የሚባል ወር ስለሌለ ቀን መሆኑ አልገባውም፤ እንደ ጽሑፍ ተወው። ቀን ያለው ወደ ቀኝ ተጠግቶ ይቆማል፣ ጽሑፍ ያለው ወደ ግራ። ፋይል ስትከፍቱ ግማሹ ዓምድ ወደ ቀኝ ግማሹ ወደ ግራ ካዘነበለ፣ ከእንግዲህ ምን እንደሆነ አወቃችሁ።

ጳጉሜን ላይ ደግሞ ጉዱ ፈላ። 3/13/2009። ለእኛ ጳጉሜን 3። ለአሜሪካዊው ኮምፒዩተር ይህ የታወቀ፣ ያማረ፣ ምንም የማያጠራጥር ቀን ነው፤ ማርች 13። ጳጉሜን 1 ጃንዋሪ 13 ሆነች፣ ጳጉሜን 2 ፌብሩዋሪ 13፣ እንዲህ እያለ ጳጉሜን 5 ሜይ 13። 39885 ማለት እሷ ናት፤ ጳጉሜን 3 የተወለደችው ልጅ።

ወዳጄ የተገለባበጡትን ቀንና ወር መልሶ አስተካከለ። ያኔ ፕሮግራሙ «13ኛ ወር የለም» ብሎ ጣላት። ጥቅምትም እንዲሁ ነው። ጥቅምት ሁለተኛ ወራችን ነው፤ 30/2 ተብሎ ይጻፋል። ለፈረንጅ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ 30 የለውም፤ ዓመቱ በአራት ካልተካፈለ 29ም የለውም። የጥቅምት 29 ልጅ በደሉ ይኸው ነው። ከጠፉት በላይ የሚያስፈራው ግን ያልጠፉት ናቸው። የቀሩት ልጆች በሙሉ የኢትዮጵያ ቀናቸውን ይዘው የፈረንጅ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ፕሮግራሙም አላጉረመረመም።

«ታዲያ ሁሉም በአንድ ላይ ቢዛነፍ ምን ችግር አለው? ልዩነቱ ያው አይደለም?» አለኝ ወዳጄ። እኔም መጀመሪያ እንዲያ ነበር የመሰለኝ። ያው አይደለም። ፔንታቫለንት የሚባለው ክትባት በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ይሰጣል፤ በሁለት ዙር መካከል ቢያንስ አራት ሳምንት፣ 28 ቀን መኖር አለበት። አንድ ልጅ ጥቅምት 3 ተከትቦ ኅዳር 1 ቢደገም በትክክል 28 ቀን ነው። ፕሮግራሙ ግን ከፌብሩዋሪ 3 እስከ ማርች 1 ይቆጥርና 26 ይላል። «ያለጊዜው የተሰጠ» ተብሎ ይሰረዛል። በተቃራኒው መስከረም 4 እና ጥቅምት 1 በእውነቱ 27 ቀን ነው፤ በጃንዋሪ ሲቆጠር 28 ሆኖ ያልፋል። የደረሰው ተሰርዞ ያልደረሰው ገባ። ከዚህ ሌላ የላቦራቶሪ ማሽኑ ቀኑን በራሱ የሚያትመው በፈረንጅ ነው፤ ልደቱ በኢትዮጵያ፣ ምርመራው በፈረንጅ ሲሆን ትናንት የተወለደ ጨቅላ ስምንት ዓመት ሞልቶት ያድራል። ሰዓቱን አላነሳሁትም፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እና 8 ሰዓት የሚለው ራሱን የቻለ ድራማ ነው።

ይህንን ጣጣ ተጋፍጠው መላ ያበጁለት ሰዎች የሉም ማለት አይደለም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ (አሁን የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሚባለውን ሲያካሂድ፣ እናቶች የልጆቻቸውን ልደት የሚናገሩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ሌላ በምን ይናገሩ? መረጃውም በኢትዮጵያ እንዳለ ተመዝግቦ ይለቀቃል። እ.ኤ.አ. የ2016ቱን ጥናት አውርዶ የከፈተ የውጭ አገር ተመራማሪ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ዓመት 2008 ሆኖ ሲያገኘው ክው ይላል። የተሳሳተ ፋይል ያወረደ ይመስለዋል።

በእነዚህ ጥናቶች ወራት የሚቆጠሩት ከ1900 ጀምሮ በተርታ ነው። ከዓመቱ 1900 ቀንሱ፣ በ12 አባዙ፣ የወሩን ተራ ቁጥር ጨምሩ። ጥር 2008 በዚህ ስሌት 1301 ይሆናል። ወደ ፈረንጅ ለመለወጥ የሚሰጠው መመሪያ አንድ መስመር ነው፤ 92 ጨምሩ። 1393 ሆነ፤ ይኸውም ጃንዋሪ 2016። 92 ወር ማለት ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ነው። ቀላል፣ የሚያምር፣ ግን ሻካራ። የገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 የተወለደ ልጅ ታኅሣሥ አራተኛ ወር ስለሆነ ዲሴምበር ውስጥ ይገባል፤ በእውነቱ ግን ጃንዋሪ ነው የተወለደው። ጳጉሜንስ? 13ኛ ወር ብላችሁ ብታስገቧት ስሌቱ ከሚቀጥለው ዓመት መስከረም ጋር አንድ ቁጥር ይሰጣታል። በአጋጣሚ ጳጉሜንም መስከረምም ሴፕቴምበር ውስጥ ስላሉ ልክ ይመጣል። እንዲህ ዓይነት አጋጣሚ ደስ ይለኛል። 92ን የማያውቅ ሰው ግን፣ ጥናቱን ከጎረቤት አገር ጥናት ጋር ቢያነፃፅር፣ የእኛ ልጆች በሙሉ ስምንት ዓመት ገደማ ቀድመው ተወልደው ያገኛቸዋል።

የቀን ጣጣ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሰው ልጅ ዘረ መል ተመራማሪዎች ማርች1፣ ሴፕት1 የሚሏቸው ጂኖች ነበሯቸው። ኤክሴል እነሱን ባየ ቁጥር ወደ ቀን ይቀይራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ጥናት፣ የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ ሳይንሳዊ ጽሑፎች ውስጥ ከአምስት አንድ ያህሉ ይህ ስህተት እንዳለበት አሳየ። በ2020 ሳይንቲስቶቹ እጅ ሰጡ። የጂኖቹን ስም ቀየሩ። ኤክሴል ከሚለወጥ የሰው ልጅ ጂን ስሙን ቢለውጥ ቀለለ።

እኛ ግን ጳጉሜንን ስሟን ብንቀይርላትም አትድንም።

ስለዚህ ከወዳጄ ጋር ከመጀመሪያው ጀመርን። አንደኛ፣ ፋይሉን እንደ አዲስ አስገባነው፤ በዚህኛው ዙር የቀኑን ዓምድ ፕሮግራሙ እንዲገምት አልፈቀድንለትም፤ ሁሉንም በጽሑፍ አንብብ አልነው። ወደ ቁጥር የተቀየሩትን በዲሴምበር 30 ቀን 1899 መነሻ ወደ ፈረንጅ ቀን መልሰን፣ ወሩን ቀን፣ ቀኑን ወር አድርገን፣ መዝጋቢዋ በእጇ የጻፈችውን አገኘን። ከዚያ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለያየናቸው። እዚህ ላይ እስካሁን ማንም «ቀን» የሚል ቃል ለኮምፒዩተሩ አልተነፈሰም፤ ሦስት ቁጥሮች ብቻ ናቸው።

ቀመሩ እንዲህ ነው፤ የሚፈልግ ይገልብጠው። ከዓመቱ አንድ ቀንሳችሁ በ365 አባዙ። ዓመቱን በ4 አካፍላችሁ ቀሪውን ጣሉና ጨምሩ። ከወሩ አንድ ቀንሳችሁ በ30 አባዙና ጨምሩ። ቀኑን ጨምሩ። ከድምሩ 716,368 ቀንሱ። የሚወጣው አር የሚያውቀው ቁጥር ነው። ለኤክሴል ከሆነ የምትቀንሱት 690,799 ነው። በቃ። የእኛ አቆጣጠር እኮ ለኮምፒዩተር ከፈረንጁ ይልቅ ይቀላል፤ ሁሉም ወር 30 ነው፣ ትርፉ መጨረሻ ላይ ነው፣ «ሠላሳ ወይስ ሠላሳ አንድ?» ብሎ ጣት መቁጠር የለም። ለሙከራ ዓድዋን አስገባንበት። −26,968 አለ። አር ቁጥሩን ተቀብሎ ማርች 1 ቀን 1896 ብሎ መለሰልን። ኤክሴል የማያውቃትን ቀን፣ ማርች 2 ሳይሆን ማርች 1፣ ልክ እንደ ታሪክ መጽሐፉ። ወዳጄ ጠረጴዛውን ሲመታው የጎረቤት ማኪያቶ ፈሰሰ።

ይቅርታ ጠይቀን ስንቀመጥ፣ የፈሰሰበት ሰውዬ ምን እንደምንሠራ ጠየቀን። ነገርነው። ሳቀና «ፊቼንስ በዚህ ታወጡታላችሁ?» አለን።

አናወጣውም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ የመዘገበው በዓል ነው፤ ቋሚ ቀን ግን የለውም። አያንቶዎቹ ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው ነው ዕለቱን የሚያውጁት። የሲዳማ ሳምንትም አራት ቀን ነው፤ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ፣ ቀዋላንካ። ገበያው በእነሱ ይዞራል። የአራት ቀኑን ዑደት ኮምፒዩተር ይችለዋል፤ የአያንቶዎቹን ዓይን ግን አይችለውም። የታወጀውን ቀን ጠብቆ መጻፍ ነው ያለው። «ልጄ የተወለደው ፊቼ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነው» ያለች እናት፣ ዓመቱን ብቻ ጨምራ ከነገረችን ከታወጀው ዕለት ተነስተን እናገኘዋለን። እሷም መረጃ ሰጥታናለች፤ የመዝገቡ ሳጥን ነው ያልተዘጋጀላት። ወዳጄ ወዲያው «ቀኑ እንደተነገረ» የሚል አንድ ዓምድ ጨመረ።

ከዚያ ያቺን ልጅ ፈለግናት። ልደት፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2009። የመጀመሪያ ክትባት፣ ጥቅምት 10 ቀን 2010። ኤክሴሉ እንደ ቀየረው ልደቷ ማርች 13 ቀን 2009 ነበር፣ ክትባቷ ደግሞ ኦክቶበር 2 ቀን 2010። በመካከላቸው 568 ቀን። በዚያ ፋይል መሠረት እናቷ ልጇን ዓመት ከመንፈቅ አልፎ ሳታስከትብ የቆየች ግዴለሽ ናት፤ ጥናቱ ላይም «ዘግይተው የተከተቡ» ከሚለው ሰንጠረዥ ውስጥ ትቆጠር ነበር።

ቀመሩን አስገባን። ልደት 17417። ክትባት 17459።

ወዳጄ በእጁ ቀነሰው። ከዚያ በስልኩ ካልኩሌተር ደግሞ ቀነሰው። 42 ቀን። ስድስት ሳምንት፣ አንድ ቀን ሳይጎድል አንድ ቀን ሳይተርፍ። እናቷ በእንቁጣጣሽ ማግስት አራስ ቤት ሆና ቀኑን ስትቆጥር ከርማ፣ በሰዓቱ ይዛት መጥታለች።